«አትግፋ!» ያለችው ናሎንጎ

በእኛ ሆስፒታል ናሎንጎ ኤሴዛን የማያውቅ የለም። ስሟ ኤሴዛ ነው፤ ናሎንጎ ደግሞ መንታ የወለደች ሴት የምትከበርበት መጠሪያ። ካምፓላ ውስጥ መንታ ከወለድሽ በኋላ በስምሽ የሚጠራሽ ባንክና ፖሊስ ብቻ ነው። እሷ የካትላብ ዋና ቴክኖሎጂስት ናት። ካትላብ የምንለው ከብሽሽት ቀጭን ቱቦ አስገብተን በደም ሥር ውስጥ ልብ ድረስ የምንዘልቅበትን ክፍል ነው። እኔ ላምዋካ እባላለሁ፤ ነርስ ነኝ፤ አገሬ ሰሜን ነው፣ የአቾሊዎች ከተማ ጉሉ። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል። ስለዚህ ይህን ከሰው አልሰማሁትም። እዚያው ቆሜ ነው ያየሁት።

አባቷ ካትዌ ሰፈር ራዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ሱቃቸው ውስጥ አረንጓዴ መስመር የሚያሳይ አሮጌ ሳጥን ነበረ። የተበላሸውን ራዲዮ ከሳጥኑ ጋር ያገናኙትና መስመሩ ሲዘል፣ ሲንቀጠቀጥ ወይም ሲሞት አይተው በሽታውን ይናገራሉ። ትንሿ ኤሴዛ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ አብራቸው ትገምታለች። «ድምፁን ተይው፤ ድምፅ ይዋሻል። መስመሩን እይ» ይሏት ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቷ ሆስፒታል ተቀጥራ በሽተኞች ደረት ላይ ሽቦ እየለጠፈች የልብ ምት ማንሳት ስትጀምር፣ ወረቀቱ ላይ የሚወጣውን መስመር አይታ ሳቀች አሉ። «ይሄማ የአባቴ ሥራ ነው!» አለች። በኋላ ሆስፒታሉ ህንድ አገር ልኮ ለአንድ ዓመት አስተማራት፤ መንቶቹን ለእናቷ ትታ ሄደች፤ ተመልሳም ካትላቡን ተረከበች።

የሥራ ክፍፍላችን እንዲህ ነው። ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቆሞ የራጁን ሥዕል እያየ ቱቦውን ይመራል። እኔ በሽተኛውን እይዛለሁ፤ መድኃኒት እሰጣለሁ። ናሎንጎ ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጣ መስመሮቹን ታነባለች። ቱቦው ልብ ውስጥ የትኛው ክፍል እንደደረሰ በግፊቱ ሞገድ ይታወቃልና። ለእሷ እያንዳንዱ ክፍል ፊት አለው። ላይኛው የግራ ክፍል እንደ ካምፓላ ኮረብቶች ዝቅ ብሎ ይንከባለላል። አኦርታ፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር፣ ሽቅብ ይመነጠቅና ሲወርድ ወገቡ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ያሳያል። አንድ ቀን ለቀልድ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ጽሑፎች በፕላስተር ሸፍኜባት ነበር። ሁሉንም በየስማቸው ጠራቻቸውና «የጉሉ ልጅ፣ ሥራ ፈተሻል እንዴ?» አለችኝ።

ቤቷ ግን ስለ ሥራዋ አታወራም። ልጆቿ ዋስዋና ካቶ ሃያ አራት ዓመት ሞልቷቸውም እናታችን ራጅ ታነሳለች ብለው ነበር የሚያምኑት።

በየዓመቱ በኅዳር ከውጭ አገር የሐኪሞች ቡድን መጥቶ ለአንድ ሳምንት ከእኛ ጋር ይሠራ ነበር። የሚሠሩት የልብ በር ማስፋት ነው። በልጅነቱ የጉሮሮ ሕመም በደንብ ሳይታከምለት የቀረ ሰው ሕመሙ ወደ ልቡ ይወርድና በሩን ያጠብበዋል፤ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ያደርገዋል። እነሱ ፊኛ አስገብተው በሩን ይከፍቱታል። የእኛው ሐኪም ዶክተር ካህዋ አጠገባቸው ቆሞ ብዙ ጊዜ ሠርቷል፤ ብቻውን ግን ሠርቶ አያውቅም። ዶክተር ካህዋ የሠላሳ ስምንት ዓመት ረጋ ያለ ሰው ነው፤ የቶሮ ተወላጅ ስለሆነ ስንወደውና ስናከብረው በቶሮኛ የቁልምጫ ስሙ አትዎኪ እንለዋለን።

ያን ዓመት ቡድኑ ሊመጣ አምስት ቀን ሲቀረው መልእክት መጣ። የቡድኑ መሪ ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ እስከ መጋቢት መምጣት የለም ይላል። አሥራ አንድ ሰው ተራ እየጠበቀ ነበር። አሥሩን መድኃኒት ጨምረን ወደየቤታቸው ሸኘናቸው። አሥራ አንደኛዋን ግን መሸኘት አልተቻለም።

ናካይዛ ትባላለች፤ ከማሳካ የመጣች የሃያ ስድስት ዓመት አስተማሪ፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር። ስድስት ሳምንት ሙሉ ጋደም ብላ አታውቅም። ጋደም ካለች ሳንባዋ ውሃ ይሞላና ትሰጥማለች። ስለዚህ ቁጭ ብላ ታድራለች፤ ትራስ አቅፋ። ያለው መድኃኒት ሁሉ ጫፉ ድረስ ተሰጥቷታል። ምጥ ቢመጣባት ያ የጠበበ በር እሷንም ሆዷ ውስጥ ያለውንም እንደማያሳልፍ ሁላችንም እናውቃለን።

ከጎኗ የማትለየው ሴንጋዋ ነበረች። ሴንጋ በባጋንዳ ሕዝብ ዘንድ የአባት እህት ናት፤ ለሴት ልጅ ግን መካሪዋም ዳኛዋም ጠበቃዋም ናት። ይቺኛዋ ሴንጋ ፔሩሲ ትባላለች፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ምላሷ እንደ ምላጭ።

ረቡዕ ጧት ናሎንጎ ሜትር ይዛ ወደ ዋርዱ ገባችና ናካይዛን አስቁማ ቁመቷን ለካች። የፊኛው ስፋት የሚወሰነው በቁመት ነው። ሴንጋ ፔሩሲ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«አንቺ! ምኗን ነው የምትለኪው? ለሬሳ ሣጥን ነው?»

«ለፊኛ ነው፣ ሴንጋዬ።»

«ለልደት ነው እንግዲህ!»

«ለልደትም ይሆናል» አለች ናሎንጎ፤ ሜትሩን አጥፋ ኪሷ ከተተችና በቀጥታ ወደ ዶክተር ካህዋ ቢሮ አመራች። ነገር እንዳለ ገብቶኝ ተከተልኳት።

«መቶ ሃምሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር ናት፣ ዶክተር። ባለ ሃያ ስድስት ሚሊ ሜትር ፊኛ ያስፈልጋታል። መደርደሪያው ውስጥ ካለፈው ዓመት የተረፈ አንድ አለ፤ ጊዜው የሚያልፈው በዚህ ወር መጨረሻ ነው።»

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። «ናሎንጎ፣ ብቻዬን አድርጌው እንደማላውቅ ያውቃሉ።»

«ብቻዎን ነዎት ማን አለዎት? እኔ መስመሩን ይዣለሁ፤ ላምዋካ ልጅቷን ትይዛለች። እርስዎ መርፌውን ብቻ ይያዙ።»

«መርፌው እኮ ነው ጉዱ!»

እውነቱን ነው። ወደ ጠበበው በር ለመድረስ በላይኞቹ ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለውን ስስ ግድግዳ በመርፌ መውጋት ግድ ነው። መርፌው ትንሽ ወደ ፊት ከሳተ አኦርታ ነው፤ ወደ ኋላ ከሳተ ከልብ ውጭ ነው።

ናሎንጎ ወንበር ስባ ሳትጋበዝ ተቀመጠች። «ዶክተር፣ እነዚያ ሰዎች መምጣት ከጀመሩ ጀምሮ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም። መርፌው ሲገባ ሞገዱ ምን እንደሚመስል፣ ሲስት ምን እንደሚመስል ዓይኔ ላይ ነው። እርስዎም እጅዎ ያውቀዋል፤ የሚፈራው ልብዎ ነው።»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «ላምዋካ፣ አንቺስ?»

«እኔ የአቾሊ ሰው ነኝ» አልኩት፤ «ከተጀመረ አልሸሽም።»

ሳቀና ስልኩን አነሳ። ለሐሙስ ጧት የማዋለጃ ሐኪሞቹም የቀዶ ጥገና ቡድኑም ተዘጋጅተው እንዲጠብቁ ተናገረ። ከሰዓት በኋላ ናካይዛ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ሊደርስ የሚችለውን ክፉም ደጉንም አንድም ሳያስቀር ነገራት። ፈረመች። ሴንጋ ፔሩሲም ፊርማዋ የማይፈለግበት ቦታ ላይ ፈረመች።

ሐሙስ ዝናብ እየዘነበ ነጋ። ናሎንጎ ከሁላችንም ቀድማ ገብታ ነበር። ፊኛውን ንጹሕ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነፍታ ስፋቱን ለካች፤ አረፋ አለመውጣቱን አየች፤ አጎደለችው፤ እንደገና ነፍታ እንደገና ለካች። የግፊት መለኪያውን ከናካይዛ ደረት እኩል አድርጋ ሰቀለችና ዜሮ ላይ አቆመችው። «ዜሮው ከዋሸ ሁሉም ይዋሻል» ትላለች ሁልጊዜ። የናካይዛን ሆድ ጨረር በሚከላከለው የእርሳስ ሽርጥ ከላይም ከታችም ጠቀለልነው። ራጁን አጠበበችው፤ ጨረሩንም ክፍሉ ከሚችለው ሁሉ ዝቅ አደረገችው። ሕፃኑ እንዳይነካ።

ናካይዛን ያስተኛናት በትራስ ደግፈን ከወገቧ ቀና አድርገን ነው። ብሽሽቷ ብቻ ነው የደነዘዘው፤ እሷ ንቁ ናት። እጄን ጨመቀችው፤ ጥፍሯ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

«እስትንፋሴ አጭር ነው» አለችኝ።

«አጭሩን አጭሩን ተንፍሺ። ረጅሙ እየመጣ ነው።»

ቱቦው ያለ ችግር ልብ ድረስ ዘለቀ። ዶክተር ካህዋ የመርፌውን ጫፍ ግድግዳው ላይ አሳረፈ። የሚሰማው የልቧ ምት ጥ፣ ጥ፣ ጥ ሲል ብቻ ነው። ገፋ አደረገው።

«ጠቅ አለኝ» አለ። «ገባሁ መሰለኝ።»

ቀጥሎ የሚገፋው ወፍራሙ ቱቦ ነው። እጁ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«አትግፋ!»

ድምፁ ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ የካትላቡን ግድግዳ መታው። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ናሎንጎ ሐኪምን አንተ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

«እጅህን ያዝ! አኦርታ ነው! ስንጥቁን እየው፣ ሽቅብ ሄዷል! መርፌውን ብቻ ሳበው፣ ሌላውን አትንካ!»

የዶክተሩ እጅ ድንጋይ ሆነ። ዓይኑ ወደ ስክሪኑ ዞረ። መስመሩ እንደ ጦር ሽቅብ ቆሞ ነበር። በዝግታ፣ በጣም በዝግታ መርፌውን ሳበ። መስመሩ ወደ ታች ወረደ። ያ ወፍራም ቱቦ ገብቶ ቢሆን ኖሮ አኦርታን ቀዶ እዚያው ደሟን ያፈሰው ነበር።

አልትራሳውንዱን አምጥቼ ልቧ ዙሪያ ደም መፍሰስ አለመፍሰሱን ማየት ጀመርን። አሥር ደቂቃ። በዚያ አሥር ደቂቃ ከማሳካ ካምፓላ በእግር ትደርሱበታላችሁ፤ ያን ያህል ረዘመ። ናሎንጎ በየደቂቃው የደም ግፊቷን ትጠራለች፤ «መቶ አራት... መቶ ስድስት... መቶ አምስት፤ አልወረደም።» ደም የለም። ንጹሕ ነው።

ዶክተሩ ግን ወደ መስታወቱ ዞረ። «እናቁም ይሆን?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከጨርቁ ስር የናካይዛ ድምፅ መጣ። እየቆራረጠች፣ «ዶክተር...» አለች፤ «እኒያ የጮኹብዎት... ማን ናቸው? ባለቤትዎ ናቸው?»

መጀመሪያ ሳቅ ያመለጠኝ እኔ ነኝ። ከዚያ ዶክተሩ። ከዚያ ከማጉያው የናሎንጎ ሳቅ መጣ፤ ያ ከሆዷ የሚወጣው ሳቋ። «ባለቤቴ ቢሆኑማ መጀመሪያውኑ ይሰሙኝ ነበር!» አለች። ትከሻችን ላይ የነበረው ኩንታል ወረደ።

«እንደገና» አለ ዶክተር ካህዋ። «ናሎንጎ፣ ይምሩኝ።»

«ራጁን ወደ ጎን አዞርኩልዎት። አሁን አኦርታን ከፊት ለፊት ያዩታል። ከሱ ይራቁ። ጫፉን በሰዓት ፊት ላይ አራት ቁጥር ወዳለበት ያዙሩት። ትንሽ... ትንሽ ዝቅ። እዚያ ላይ። መስመሩ ተጨፍልቋል፤ ግድግዳው ላይ ነዎት። ይግፉ!»

ገፋ። ሁላችንም መስመሩን አየን። ለአንድ ምት ዝም አለ። ከዚያ ኮረብታ መጣ፤ ሌላ ኮረብታ፤ ሌላ ኮረብታ። የሚንከባለሉ ኮረብቶች፣ ግን መሆን ከሚገባቸው በላይ ከፍ ብለው።

«ገብተዋል! ገብተዋል፣ ዶክተር! ግራ ላይኛው ክፍል! ሠላሳ ሁለት ነው!»

አሥራ ሁለት አካባቢ መሆን የነበረበት ግፊት ነው ሠላሳ ሁለት የሆነው። ያቺ ልጅ ስድስት ሳምንት በዚህ ነበር የኖረችው።

ከዚህ በኋላ ጊዜው ሮጠ። ፊኛው ገባ፤ በጠበበው በር አለፈ። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ ከበሩ በላይ፣ አንዱ ከበሩ በታች፤ በመካከላቸው ናሎንጎ ቢጫ የቀባችው ሰፊ ክፍተት። ያ ክፍተት ነው በሽታው።

«ይንፉ!»

ፊኛው ተነፋ። በሩ ወገቡን ጨምቆ ያዘው፤ ስምንት ቁጥር መሰለ። አንድ... ሁለት... ወገቡ ተፈታ! ሞላ! ዶክተሩ ወዲያው አጎደለው።

«አሥራ ዘጠኝ!» ጮኸች ናሎንጎ። «ክፍተቱ ግማሽ ሆኗል! በሩ ሊከፈት ነው!»

የሚፈስ ደም አለመኖሩን አየን። ናሎንጎ ፊኛውን የሚነፋው ሲሪንጅ ውስጥ ጥቂት ነጥብ ፈሳሽ አስጨመረች፣ ፊኛው አንድ ሚሊ ሜትር እንዲሰፋ። «ይንፉ!» እንደገና ወገቡ ታየ፤ እንደገና ጠፋ። ሁለቱ መስመሮች መቀራረብ ጀመሩ፤ ቢጫው ቀጠነ፤ ቀጠነ። አንዱ በሌላው ላይ ተኛ።

«አሥራ ሁለት! አሥራ ሁለት ነው! ይብቃ፣ አይጨምሩ! አለቀ!»

እኔ ስክሪኑን ትቼ ናካይዛን አየሁ። አፏን ከፍታ ነበር። ደረቷ ተነሳ፤ ተነሳ፤ እስካሁን ባላየሁት ሁኔታ እስከ ላይ ድረስ ተነሳና ቀስ ብሎ ወረደ። ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች።

«ምን ሰጣችሁኝ?»

«ምንም። በር ከፈትንልሽ።»

«አየር ገባ» አለች። ደጋግማ አለችው። «አየር ገባ። ትራሱን አውጪልኝ።»

ትራሱን አወጣሁት። ጠፍጣፋው አልጋ ላይ በጀርባዋ ተንጋለለች፤ አዛጋች፤ ሐኪሙ ብሽሽቷን ተጭኖ ደሙን እያቆመ ሳለ እንቅልፍ ወሰዳት። ስድስት ሳምንት ያልተኛች ሴት! የሕፃኑን ልብ የሚያዳምጠው መሣሪያ ሆዷ ላይ ሲቀመጥ ቶኮ ቶኮ ቶኮ ይላል፤ እንደ ቦዳ፣ ሰው እንደሚያመላልሱት ሞተር ሳይክሎቻችን።

ከዚያ ነው እልልታው የመጣው። ናሎንጎ፣ መቆጣጠሪያ ክፍሏ ውስጥ ማፏጨት እንኳ የምትከለክለው ናሎንጎ፣ ማጉያው ክፍት መሆኑን ረስታ እልል አለች። ድምፁ ካትላቡን ሞልቶ ወደ ኮሪደሩ ፈሰሰ። ከበሩ ውጭ ሴንጋ ፔሩሲ ሰምታ በእልልታ መለሰች። ማን እንዳገባ ለማየት ከልጆች ዋርድ ሰው ወጣ።

ከሰዓት በኋላ በሻይ ክፍላችን ሴንጋ ፔሩሲ በሩን በእግሯ ከፍታ ገባች። ከግቢው በር የገዛችውን በሽንኩርት የተጠበሰ ፌንጣ በትልቅ ሳህን ይዛለች። ጊዜው የፌንጣ ነው፤ ካምፓላ በኅዳር ሌላ ነገር አትበላም። ሳህኑን ናሎንጎ ፊት አስቀምጣ እንደ ባጋንዳ ሴት ወግ ተንበረከከች።

«ብይ! በእጄ ላጉርስሽ!»

ናሎንጎ ሳህኑን አየች፤ እኔን አየች፤ በሳቅ ፈነዳች። «ሴንጋዬ፣ ጎሳዬ ፌንጣ ነው! ዘመዶቼን ጠብሰው አመጡልኝ?»

ሰው የጎሳውን ስም የያዘውን ነገር አይበላም። ሴንጋ ፔሩሲ ጭንቅላቷን ያዘች። «ወይኔ! ያዳነችኝን ሴት ወንድሞች ጠበስኳቸው!» እኔና ዶክተር ካህዋ የፌንጣ ዘመድ ስላልሆንን ሳህኑን አጸዳነው።

እየበላን ናሎንጎ ወደ ዶክተሩ ዞረች። «ዶክተር፣ ቅድም... አንተ ብዬዎታለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጣቱን እየላሰ አያት። «እርስዎ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ፣ ቃሉ እስኪያልቅ ቱቦውን ገፍቼው ነበር» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ መርፌ ስይዝ አንተ ነኝ።»

«ከመርፌውስ ውጭ?»

«ከመርፌው ውጭ አትዎኪ።»

ዋስዋ በኋላ እንደነገረኝ፣ ያን ምሽት እናቱ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ማውራት ጀመረች። ማቶኬው፣ የተቀቀለው ሙዝ፣ በሳህን ላይ እየቀዘቀዘ ለመንቶቹ ሞገዱን በጣቷ አየር ላይ ሣለችላቸው፤ ኮረብታውን፣ ጦሩን፣ ስንጥቁን። ፊኛውን ለማሳየት ፓሽን ፍሬ አንስታ ጨመቀችና ጭማቂው የካቶ ሸሚዝ ላይ ፈነጠቀ። «እማዬ፣ ታዲያ ራጅ አይደለም እንዴ የምታነሺው?» አላት ካቶ። ለሃያ ዓመት የዘጋችው አፍ ተከፍቶ እስክትተኛ አልተዘጋም አለኝ።

ሰኞ ዶክተር ካህዋ አዲስ ፊኛዎች እንዲገዙ ደብዳቤ ጻፈ። ናሎንጎ ደግሞ ወደየቤታቸው የሸኘናቸውን አሥሩን ሰዎች በየስልካቸው ደወለችላቸው። ውጪዎቹ በመጋቢት ሲመጡ ስምንቱን ጨርሰን ነበር። የቡድኑ መሪ በምርኩዝ እያነከሱ ገብተው ከመስታወቱ ማዶ ናሎንጎ አጠገብ ተቀመጡ፤ ያን ቀን ሙሉ እጃቸውን ምንም ነገር አላስነኩም። ዘጠነኛው እሳቸው እያዩ ተሠራ።

የናካይዛ ዜና የመጣው ከዚያ በፊት ነው፤ በየካቲት፣ አንድ ማክሰኞ ጧት። የናሎንጎ ስልክ ጮኸ። ሴንጋ ፔሩሲ ነበረች፤ ከማሳካ ሆስፒታል። ስልክ ባይኖርም የሚሰማ ድምፅ ነው ያላት።

«ወለደች! ሴት ናት! በራሷ ነው ያማጠችው፣ ማንም አልቀደዳት! ሁለቱም ደህና! ስሙ! ስሙ እንጂ!»

ስልኩን ሕፃኗ አፍ ላይ አስጠጋችው መሰለኝ። ናሎንጎ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የሚጮህ፣ የተቆጣ፣ ሙሉ ትንፋሽ ያለው ለቅሶ መቆጣጠሪያ ክፍሉን ሞላው። ዶክተር ካህዋ የእርሳስ ሽርጡን ግማሽ አጥልቆ ቆሞ ቀረ። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርም።

ናሎንጎ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። «ይቺ» አለች፤ «ሳንባዋ የሴንጋ ፔሩሲ ነው!»

አልጋው ላይ ከጂንጃ የመጣ ዓሣ አጥማጅ ተራውን እየጠበቀ ነበር። «ምንድን ነው? ማን ወለደ?» አለ ቀና ብሎ።

«የእኛ ልጅ!» አልነው ሦስታችንም በአንድ ላይ።